ድምፅ ተራራን የሚሻገርበት መሣሪያ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ዓይኑን እንጦጦ ይጋርደዋል ። ማይክሮዌቭ የተባለውም ሞገድ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል ፤ ስለዚህ በየጕብታው በተተከለ ማማ ይቀባበሉታል ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የሐረርና የአዲስ አበባ ስልክ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ፈልጎ ነበር ። ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራው ጣቢያ ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝን ሳተላይት እንደ ማማ አድርጎ ቃልን ባሕር አሻገረ ።

የመሣሪያው ሠሪ የውጭ ፋብሪካ ነውና ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ገዢው የሠሪውን ደጅ ይጠናል ። ስለዚህ የግዢ ውል የሚዋዋሉ ሹማምንት ከዕቃው ጋራ የአሠራሩንና የጥገናውን ትምህርት መጠየቅ ይገባቸዋል ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከቻይና የተተኰሰችውን ምድር ተመልካች ሳተላይት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በእንጦጦ ሆነው መቆጣጠራቸው ለዚህ ምስክር ነው ። ዕቃ ያረጃል ፤ ዕውቀት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ።