ሳጂና፦ ከጫማ ሥር ወርዶ ደሴት የያዘው አረም

ቁመቱ ከጣት አንጓ እምብዛም አይበልጥም። ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ግንዱ በመሬት ላይ ይሳባል፤ አበባው ካላጎነበሱ አይታይም። በአውሮፓ ከተሞች በእግረኛ መንገድ ንጣፍ ስንጥቅ፣ በእርጥብ ግቢና በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ እዚያ አትክልተኛ ነቅሎ ከመጣል ያለፈ ቁም ነገር አይሰጠውም። ሳይንሳዊ ስሙ ሳጂና ፕሮከምበንስ ይባላል። ይኸው ትንሽ ተክል በደቡብ አትላንቲክ፣ ጎፍ በምትባል ደሴት ላይ ሰዎችን ከ20 ዓመት በላይ ሲያታግል ቆይቷል።

ጎፍ ከኬፕታውን 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ስፋቷ 65 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የብሪታንያ ግዛት ናት። ነዋሪ ሕዝብ የላትም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በምታስተዳድረው የአየር ትንበያ ጣቢያ ውስጥ ጥቂት ባለሙያዎች በየዓመቱ እየተፈራረቁ ይከርማሉ። ትሪስታን አልባትሮስ የተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚራባው በዚህች ደሴት ላይ ነው። በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እንዲህ ያለ ቦታ በምድር ላይ ብዙ አልቀረልንም፤ ስለዚህ የአንዲት አረም ነገር እዚያ ሲነሣ አቅልሎ ማለፍ አይገባም።

ሳጂና ይህን ያህል ያስቸገረው በትንሽነቱ ነው። ዘሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከጭቃ ጋር ተለውሶ በጫማ ሶል ሥር ቢጓዝ ማንም አያየውም። አበባው ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል አንዲት ዘር ብቻዋን ብትደርስም ለመራባት አጣማጅ አትፈልግም። ፍሬው ሲበስል አፉን ይከፍታል፤ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ዘሩ ዙሪያውን ይረጫል። ጎፍ ላይ ደግሞ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህም ከአዲስ አበባው እጥፍ በላይ ነው። ግንዱም አፈር በነካበት ቦታ ሥር ያወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየቱ ነው፤ ዛሬ የሚታየውን ሁሉ ብትነቅሉ ነገ የሚበቅለው ከእግራችሁ በታች አለ።

እንደ ጎፍ ያሉ ደሴቶች የሚጎዱት የራሳቸው ዕፅዋት ጥቂት ስለሆኑ ነው። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ማሪዮን ደሴት ለምሳሌ አገር በቀል የሆኑት የአበባ ተክሎችና ፈርኖች ከ30 አይበልጡም። የባሕር ወፎችና የባሕር አውሬዎች የረገጡት ባዶ እርጥብ መሬት ለሳጂና የተመቸ ነው። እንደ ስጋጃ ተነጥፎ ሲይዘው ለዘመናት እዚያ የኖሩት ሞሶችና ደቃቅ ተክሎች ቦታ ያጣሉ። የሳጂና ዘመድ በእኛም ተራሮች ላይ አለ፤ ሳጂና አቢሲኒካ ይባላል። እሱ ግን የአገሩ ተክል ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ የኖረ።

ማሪዮን ላይ ወራሪው መጀመሪያ የታየው በ1965 ሲሆን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የደሴቲቱን ክፍል አዳረሰ። በ1997 እዚያው አጠገብ ባለችው ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ተገኘ። በ1998 ደግሞ ጎፍ ላይ፣ በጣቢያው አካባቢ ታየ። ማሪዮንንም ጎፍንም የሚያገለግሉት ከደቡብ አፍሪካ የሚነሡ መርከቦች ስለሆኑ ከዕቃና ከጫማ ጋር ሳይመጣ አይቀርም ተብሎ ይገመታል። እነዚህን ደሴቶች ለማጥናትና ለመጠበቅ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሳያውቁ ያደረሱት። በዚህ ሰው መውቀስ አይቻልም፤ ጥንቃቄ አለማድረግ ግን ከዚያ ወዲያ ይቅር የሚባል አይደለም።

ወራሪ አረም ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታሰበን የጣናው እምቦጭ ነው። እምቦጭ ከሩቅ ይታያል፤ ሕዝብ ተጠራርቶ ይወጣበታል። ሳጂናን ግን ተንበርክኮ ካልፈለጉት አይገኝም። የጎፍ ጣቢያ ከገደል አፋፍ አጠገብ የተሠራ በመሆኑም ፈላጊዎቹ በገመድ ታስረው ገደሉን ይወርዳሉ። ተክሉን መንቀል ብቻ እንደማይበቃ ስለታወቀ አፈሩን ከነዘሩ እስከ አለቱ ገፈውታል፤ በእሳት ለብልበውታል፤ የፈላ ውኃ ደፍተውበታል፤ ፀረ አረም መድኃኒትም ረጭተዋል። በየጊዜው ተመልሶ ያንኑ መሬት መፈተሽ የግድ ነው፤ አንድ ዓመት ከታለፈ አዲስ ፍሬ ይበተናል።

እስካሁን ጨርሶ አልጠፋም። ሆኖም በጣቢያው ዙሪያ ተወስኖ እንዲቆይና ወደ ደጋው እንዳይወጣ ማድረግ ተችሏል። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሰው ማሪዮንን ይመልከት፤ እዚያ ነቅሎ ማጥፋት ከሚቻልበት ደረጃ አልፏል።

ዛሬ ወደ እነዚህ ደሴቶች የሚሳፈር ሰው ጫማውን ይታጠባል፤ ኪሱን ይገለብጣል፤ የጃኬቱን ቬልክሮ በመርፌ ይለቅማል። በ2007 እና 2008 የበጋ ወራት ወደ አንታርክቲካ በተጓዙ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዘር ከተገኘባቸው መካከል እያንዳንዱ በአማካይ 9.5 ዘር ይዞ እንደነበር አሳይቷል። ከጎብኚዎቹ ይልቅ ብዙ የተሸከሙት ደግሞ ተመራማሪዎቹ ነበሩ።