«ካርታው በሦስት ወር ይወጣል!» … የሰባታሚቱ ደላላ ቃል

የዛሬው ጉዳይ የፍቅርም የገንዘብም ነው። ሁለቱን መነጣጠል ስላልቻልኩ እንዳለ አቅርቤላችኋለሁ። ባለጉዳይዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች፤ እጮኛዋ መምህር ነው። «ስሜን እንዳታወጣው፣ መሥሪያ ቤቴንም እንዳትጠቅስ» ስላለችኝ ከዚህ በላይ አልናገርም። ጥያቄዋ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደላላው ከዳን። እጮኛዬ ዝም በዪ አለኝ። እኔ ግን ከሰስኩ። ታዲያ አሁን የተጣላሁት ከማን ጋር ነው?»

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ነው። ሠርጋቸውን ለፋሲካ ማግሥት ቆርጠዋል። የቤት ኪራዩ በየስድስት ወሩ ይጨምራል። አከራይዋ ሴትዮ ደግሞ «ከተጋባችሁ በኋላ ውኃውም መብራቱም በእጥፍ ነው» ብላቸዋለች። እንዴ! እነዚህ ልጆች ቦታ ቢፈልጉ ይፈረድባቸዋል? መሃል ከተማ ካርታ ያለው ቦታ መግዛት ለደመወዝተኛ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዓይናቸውን ወደ ዳር ጣሉ፤ ወደ ሰባታሚት።

ሰባታሚት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ሰባታሚት ግን ገበሬ የሚያርስበት፣ ከብት የሚሰማራበት አገርም ነው። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትመጣ እንደ ሰባታሚት፣ ዘንዘልማና ወራሚት ያሉት የዳር ቀበሌዎች የቤት ፈላጊ ሁሉ ዓይን አረፈባቸው። ገበሬው ማሳው አንድ ቀን ለልማት ተብሎ ሊወሰድበት እንደሚችል ያውቃል። የሚሰጠው ካሳም አይበቃኝም ብሎ ይሰጋል። «ሳይወሰድብኝ ቆርሼ ልሽጥ» ይላል። ከተሜው ደግሞ «ሳይወደድ ልግዛ» ይላል። ከሁለቱ መሃል ደላላው ቆሞ እጁን ያፋትጋል። በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ተመትቶበት የሚያድረው «የጨረቃ ቤት» የሚወለደው ከዚህ ነው።

ደላላውን ያገኙት በጓደኛ በኩል ነው። ጎልማሳ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ ሰው ነው አለችኝ። ስልክ ሲደወልለት «ኢንጂነር» እያለ ይመልሳል። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለው እንዲታሰብለት መሆኑ ነው! ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ቦታውን አሳያቸው። ሁለት መቶ ካሬ ሜትር፣ ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ የተሰበሰበ በቆሎ አገዳ። «እህቴ፣ ይኼ ሰፈር በሦስት ወር ውስጥ ወደ ከተማ ፕላን ይገባል። ካርታው በስምሽ ይወጣል። ካልወጣ ብርሽን እኔ ራሴ እመልሳለሁ» አላት። ዋጋው 420,000 ብር ተባለ። እሷ የእቁቧን 170,000 ብር አወጣች፤ እሱ 80,000 ጨመረ። 250,000 ብር በደላላው እጅ ለገበሬው ተሰጠ ተባለ። ደላላው በተለምዶ የሚጠየቀውን ሁለት በመቶ፣ 8,400 ብሩንም ተቀበለ።

አሁን ውሉን ስሙልኝ። ወረቀቱ ላይ «ሽያጭ» የሚል ቃል የለም። የገበሬ መሬት እንደማይሸጥ ደላላውም የውል ጸሐፊውም ያውቃሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የተጻፈው «የብድር ውል» ነው። ገበሬው 250,000 ብር ተበድሯል ይላል። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን አስነኳቸው። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ሦስቱም የደላላው ሰዎች ናቸው።

ሦስት ወር ሞላ። አምስት ወር ሆነ። ካርታ የለም። ይባስ ብሎ የቀበሌ ሰዎች መጥተው አካባቢው ላይ ግንባታ ክልክል እንደሆነ ተናግረው ሄዱ። ደላላው በመጀመሪያ ስልኩን አነሳ፤ ቀጥሎ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ፤ በመጨረሻ ዘጋ። ልጅቷ ደጁ ድረስ ሄዳ ስትይዘው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ክሰሺኝ! የገበሬ መሬት የገዛሽው አንቺ ነሽ። አብረን እንገባለን፣ ሰባታሚት እዚያው ቅርብ ነው!»

ይኼን ነው እጮኛዋ የፈራው። «ብንናገር እኛም እንጠየቃለን፣ ብሩ ይቅር» አላት። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በሕገወጥ ውል የገባ ሰው ንጹሕ ነኝ ብሎ ደረቱን መንፋት አይችልም። ደላላ ሁሉ የሚተማመነውም በዚሁ ነው፤ ገዢው ያፍራል፣ ሻጩ ይፈራል፣ እሱ ይኖራል። እሷ ግን 170,000 ብር ማለት የአራት ዓመት እቁብ ነው። አልተኛችም። በመጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄዳ ምክር ጠየቀች (ገንዘብ አያስከፍሉም፣ ልብ በሉ)። ከዚያ ማመልከቻዋን ይዛ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ገባች።

የጠሩት ዕለት እኔም አብሬያት ሄድኩ። ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ነኝ ብዬ አይደለም፤ እንደ ወንድም ሆኜ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። ደላላው ኮቱን ለብሶ መጥቷል።

«የንግድ ፈቃድዎን አምጥተዋል?» አሉት።

አመጣ። ፈቃዱ ምን ላይ ቢሆን ደስ ይላችኋል? እህል ላይ! የእህል ኮሚሽን ሠራተኛ ነው። ጤፍ ለማገናኘት በወጣ ፈቃድ መሬት ሲያገናኝ ኖሯል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና ምንም ሳይሉ ለጎናቸው ሰው አቀበሉ።

ከዚያ መከላከያው መጣ። «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም። ቃልም አልገባሁም። ካርታ የሚሰጠው መንግሥት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» አለ። በሕግ ዓይን ሲታይ የመጀመሪያው ግማሽ ሞኝነት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ የተተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን የተረጎመው ተዋዋዮችን እያገናኘ የሚኖር ሰው አድርጎ ነበር፤ ራሱ ሻጭ አልነበረም። ችግሩ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍ አደረገች። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። «እህቴ አትስጊ፣ ካርታው ካልወጣ ብርሽን እኔ ራሴ እመልሳለሁ …» ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውዬው ኮቱን አስተካከለ።

ውሳኔው ምን ሆነ? ፈቃዱ ታገደ፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ተመራ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ሰውን በሐሰት ቃል አሳስቶ ጥቅም ማግኘት አታላይነት ነው፤ ያስቀጣል። ስለ ብሩ ግን ሴትዮዋ ቁርጡን ነገሯት፦ «ልጄ፣ እኛ ፈቃድ እናግዳለን እንጂ ገንዘብ አናስመልስም። እሱን ፍርድ ቤት ትጠይቂያለሽ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ሌላ አገር የቤት ደላላ እንደ ሐኪም፣ እንደ ጠበቃ የሚጠየቅበት ቤት አለው። ጎረቤታችን ኬንያ የቤትና የቦታ ደላሎችን የሚመዘግብ ቦርድ አላት፤ ሳይመዘገቡ መሥራት ወንጀል ነው። ኒውዚላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የደላሎች የዲሲፕሊን ሸንጎ አቋቁማለች፤ ገዢን ያሳሳተ ደላላ እዚያ ይቆማል፣ ይቀጣል፣ ፈቃዱንም ይነጠቃል። እኛ አገር የተጎዳ ሰው ለፈቃዱ ንግድ ቢሮ፣ ለማታለሉ ፖሊስ፣ ለብሩ ፍርድ ቤት፣ ለዕርቁ ሽማግሌ ዘንድ ሲንከራተት ጫማው ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ አጽድቋል፤ ደግ ነው። ነገር ግን የትኛውም አዋጅ የገበሬን ማሳ በብድር ውል ወደ ከተማ ቦታ አይለውጠውም።

ደግሞ «ትልቅ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ይኼ አይደርስም» የምትሉ ካላችሁ አዲስ አበባን አስታውሱ። አክሰስ ሪል እስቴት ስምም፣ ቢሮም፣ ፈቃድም ነበረው። መሥራቹ አቶ ኤርሚያስ አመልጋ ዘመን ባንክን ያቋቋሙ የታወቁ ሰው ናቸው። ከ2,000 በላይ ቤት ገዢዎች ከፍለው ቤታቸውን በቀጠሮው አላገኙም። እሳቸውም በ2005 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው በ2006 ተመለሱ፤ ገዢዎቹ ግን ኮሚቴ አቋቁመው ዓመታት ተመላለሱ። እነዚያ ያላቸው ውልና ደረሰኝ ነበር። የኛዋ ልጅ ያላት የጣት አሻራና የቴሌግራም ድምፅ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ፤ ጉዱ ገና ነው። ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሽማግሌ ይሞከር ተባለና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው፣ ደላላውና ልጅቷ አንድ ላይ ተቀመጡ። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር! ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው «ልጄ፣ ቀሪውን መቼ ትሰጪኛለሽ?» አሏት። «ስንት ቀረዎት አባቴ?» አለች። «የተስማማነው ሦስት መቶ አሥር ሺህ፤ የደረሰኝ መቶ አርባ።»

ወይ ጉድ! እሷ 250,000 ከፍላለች። 110,000 ብር መንገድ ላይ ቀርቷል። በዚያ ላይ ሽማግሌው ባልደረሳቸው ገንዘብ የ250,000 ብር ዕዳ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠዋል። ነገ ያ ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ያላቸውን በሬ ያሸጣቸዋል። ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ደላላው ዞረው «አንተ፣ የእኔን ቤት እንጀራ በልተህ አልነበረም?» አሉት። እኔን የነካኝ ይኼ ነው። ልጅቷ የተበደለችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ደላላው በሽማግሌ ፊት 60,000 ብር መለሰ፤ ቀሪውን 50,000 «በሁለት ወር» አለ። (ይኼ ሰው ወር መቁጠር ይወዳል!) ገበሬው ከተቀበሉት ውስጥ ሰማንያ ሺውን ከመኸር በኋላ እመልሳለሁ አሉ፤ የቀረውን ለልጃቸው ሕክምና አውጥተውታል። ልጅቷ ይህንን ሁሉ በጽሑፍ አድርጋ፣ የብድር ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት አቤት ብላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል፤ እሷ ብሯን፣ ሽማግሌውም ማሳቸውንና ጣታቸውን ማለት ነው።

ቦታ ወይም ቤት ለመግዛት የምትዞሩ አንባቢያን ካላችሁ እኔ ከዚህ ጉዳይ ያነሳሁትን ልንገራችሁ። ከሻጩ ጋር ደላላው በሌለበት ተቀምጣችሁ ዋጋውን ከራሱ አፍ ስሙ፤ ደላላው እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መልስ ነው። ካርታ ካለ ኮፒውን ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ መኖሩን ጠይቁ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1723 መሠረትም በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረጋል፤ መንገድ ዳር የተጻፈ አይበቃም። ገንዘብ በባንክ፣ በሻጩ ስም ብቻ። ደላላው የሚገባውን ቃል «ወረቀት ላይ አስፍርልኝ» በሉት፤ ፈቃዱንም አሳየኝ በሉት። ጤፍ ከሆነ ጤፍ ይሽጥላችሁ።

አሁን ወደ ፍቅሩ። «ከእሱ ጋር ልቀጥል?» ብላኛለች።

እህቴ፣ ፈሪ ስለሆነ ብቻ አትተዪው። መምህር ነው፤ ስሙ ፖሊስ ጣቢያ እንዲጠራ አይፈልግም፤ ብዙዎቻችንም ያው ነን። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስትነግሪኝ ካርታ እንደሌለው ቀድሞ ያውቅ እንደነበር አንድ ጊዜ አምልጦሻል፤ «ኋላ ይስተካከላል ብሎ ነው ያልነገረኝ» ብለሽ አለፍሽው። እኔ አላለፍኩትም። ደላላው የደበቀሽ 110,000 ብር ነው። እሱ የደበቀሽ ደግሞ የአራት ዓመት እቁብሽ የሚገባበትን ጉድጓድ ነው። ሠርጉን ወደ ጥር ማዛወራችሁ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ይሰጥሻል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ጠይቂው፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ከሥራው አስፈቅዶ አብሮሽ ይምጣ። ቢመጣ ከጎንሽ ይቀመጥ፤ ከኋላ ወንበር ላይ አይሁን፣ እሱ የእኔ ቦታ ነው። ባይመጣ ደግሞ ደውይልኝና እንነጋገራለን።

የተመለሰውን 60,000 ብር በራስሽ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገቢው። 170,000ው ከእቁብሽ እንደወጣ የሚያሳየውንም የእቁብ ዳኛውን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ለጠበቃሽ ስጪው።