የማህፀን ኦፕራሲዮን እስኪደርስ፦ የተቋረጠ ኪሎ ቅነሳ እንዴት እንደገና ይጀመራል

በማህፀን ዕጢ፣ በተለምዶ ማዮማ በሚባለው፣ ኦፕራሲዮን የተቀጠረች ሴት ውፍረት ካላት ሐኪሟ «እስከዚያ ትንሽ ኪሎ ቀንሺ» ማለቱ አይቀርም። ምክሩ ለመልክ ሲባል የሚሰጥ አይደለም። የሆድ ስብ ሲበዛ ማህፀኑ ጋ ለመድረስ የሚቆረጠው ጥልቀት ይጨምራል፣ ሥራው ይረዝማል፣ ቁስሉም የማመርቀዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሰመመን ሲሰጥ አተነፋፈስን መቆጣጠር ይከብዳል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ስጋትም አለ። ደግነቱ ማንም ሸንቃጣ ሁኚ አላላትም። ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ግፊትንና ስኳርን በሚታይ ደረጃ ያሻሽላል፤ 85 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

መጀመር ብዙ አይከብድም፤ የሚከብደው መቀጠሉ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር ታካሚ መንገዷ ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከዚያ በሪፈር ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ወይም መሀል ከተማ ድረስ ወደ ጋንዲ፣ ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ልትላክ ትችላለች። በየትኛውም የማህፀንና ጽንስ ክፍል ምጥ የጠናባትና ደም የሚፈሳት እናት ትቀድማለች፤ መቅደምም አለባት። አልጋው፣ ደሙና የሰመመን ባለሙያው በአንድ ቀን መገናኘት ስላለባቸው አስቸኳይ ያልሆነው ኦፕራሲዮን ቀኑ ሊገፋ ይችላል። ኪሎ ቅነሳዋን ከዚያ ቀን ጋር ያሰረች ሴት ቀኑ ሲገፋ ሐሳቧም አብሮ ይላላል። ቀርቶ የነበረው የቡና ስኳር ይመለሳል፣ የማታው የእግር ጉዞ ይቆማል፣ «ቀኑ ሲቆረጥ እጀምራለሁ» ይባላል።

የጎረቤት አስተያየትም የራሱ ድርሻ አለው። በእኛ አገር «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል» ምርቃት ነው፤ የከሳች ሴት ደግሞ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ትባላለች። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በቀጠፈባቸው ዓመታት መክሳት የበሽታ ምልክት ሆኖ ስለቆየ ያ ፍርሃት ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም። በሕመሟ ምክንያት እንደምትቀንስ ለቅርብ ሰዎቿ አስቀድማ የነገረች ሴት ከዚህ ጥያቄ ብዙውን ታመልጣለች።

ከሁሉም በላይ ግን «ወኔዬ ጠፋ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ሌላ ነገር አለ፤ ደም ማነስ። ማዮማ የወር አበባን ያበዛል፣ ያስረዝማል፤ በየወሩ የሚፈሰው ደም የሰውነትን የብረት ክምችት ያሟጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ኢትዮጵያውያት ውስጥ 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ደም የሚበዛባቸውን ብቻ የሚመለከት አኃዝ አይደለም፤ በእነሱ ላይ ችግሩ እንደሚከፋ መገመት አያዳግትም።

ምልክቱን ለማየት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ይበቃል። አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ሊፍት የላትም። ከጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይዛ ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፌስታሉን አስቀምጣ የደረጃውን ብረት ከያዘች፣ ልቧ ከመታ፣ ጆሮዋ ጭው ካለ፣ ይህ ስንፍና ተብሎ አይታለፍም። ውፍረትም ሊሆን ይችላል፣ ደሟ ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የሂሞግሎቢን ምርመራ ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መነሻው በዴሲ ሊትር 12 ግራም ሲሆን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ሰውነት በተፈጥሮው ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ስለሚያመርት መለኪያው ከፍ ብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 12 ያየች ሴት «ደህና ነኝ» ከማለቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ደሙ ሳይስተካከል «ስፖርት ሥሪ» ማለት ጭካኔ ነው። የታዘዘ የአይረን ኪኒን በአግባቡ ከተወሰደ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሂሞግሎቢኑ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ጉልበትም አብሮ ይመለሳል። ሰገራን ማጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ከሚጠጣ ቡናና ሻይ ጋር መውሰድ ግን ጥቅሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዛሉ። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ፣ ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ ይረዳል። ቡናው ላይ ሌላም ቁጠባ አለ፦ ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር የምታደርግ ሴት በአንድ መቀመጫ ወደ 100 ካሎሪ ትጠጣለች። በቀን ሁለቴ ከተፈላ እጥፍ ነው።

ሚዛን በዚህ ወቅት ታማኝ መለኪያ አይደለም። ዕጢው አድጎ ማህፀኑ የአምስትና የስድስት ወር እርግዝና ሊያክል ይችላል፤ ይህ ሆድ በምግብ ቁጥጥር አይጎድልም። ደም ለማስቆም የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌም በአንዳንዶች ላይ የምግብ ፍላጎትንና ኪሎን ይጨምራል። ይህን ሳታውቅ ሚዛን ላይ የወጣች ሴት «ከንቱ ነው የደከምኩት» ብላ ብትተወው አይፈረድባትም። ሳታርፍ የወጣችው ፎቅ፣ የግፊቷና የስኳሯ ቁጥር፣ የእንቅልፏ ጥራት የተሻለ ይናገራሉ። ሚዛኑ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢታይ ይበቃል፣ የወር አበባ ሰሞን ባይታይ ይሻላል።

ዳግም ለመጀመር ዕቅዱን ከኦፕራሲዮኑ ቀን ፈትቶ ከሳምንቱ ጋር ማሰር ያዋጣል። ቀጠሮ ይገፋል፤ ሰኞ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። በብሎኮቹ መሀል ከጎረቤት ጋር የ20 ደቂቃ እርምጃ በቂ መነሻ ነው፤ ደም በሚበዛበት ቀን ማረፍ ከዕቅዱ መውጣት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ብቻውን መራመድ የሚሰለቸው ሰው በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና መንገዶችን ለእግረኛ የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» ዓይነት አጋጣሚ ሲኖር ቤተሰቡን ይዞ መውጣት ይችላል።

ምግብ ላይ ትልቁ ለውጥ ከዘይት ነው የሚገኘው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጄሪካኑ በግምት ከሚፈስ በማንኪያ ተለክቶ ቢገባ የሽሮው ጣዕም ብዙም አይለወጥም። ጾም በራሱ አያከሳም፤ እንጀራውና ዘይቱ ከበዛ በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥም ኪሎ ይጨመራል። ደሟ የወረደና ኦፕራሲዮን የምትጠብቅ ምእመን ስለ ጾሙ ንስሐ አባቷን ብታማክር ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምትሰጠው ፈቃድ አለ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ከተፈቀደላት እንቁላል፦ ፕሮቲን የሌለው ሰውነት ቁስል አይገጥምለትም።

ለዚህም ነው ቀኑ ሲቆረጥ በድንጋጤ ምግብ ማቆም የማይገባው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ራስን ማስራብ ጡንቻን ይበላል፣ ማገገምን ያዘገያል። በየሱቁና በስልክ የሚሸጡ የማቅጠኛ ሻይና ኪኒኖች አንዳንዶቹ ልብን ያስመታሉ፣ አንዳንዶቹ በማስቀመጥ ሰውነትን ያደርቃሉ። የወሰደች ካለች ሳታፍር ለሰመመን ባለሙያው ትንገር፤ የማቅጠኛ መርፌም ቢሆን ጨጓራ ምግብ እንዲያቆይ ስለሚያደርግ መታወቅ አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። በተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ ራስ መሳት፣ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ በዚያኑ ሰዓት ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ታክሲ በማይገኝበት ሌሊት የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።