ነጯ ኳስ ለምን ትወላገዳለች?

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ቅጣት ምት ስንለማመድ ልጆቹ አዲሷን አንጸባራቂ ነጭ ኳስ ይሸሿታል። «ጋሼ፣ ነጯ ትወላገዳለች፤ አሮጌዋን ይስጡን» ይሉኛል። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሣውን የሐዋሳ ከተማን ማሊያ ለመልበስ የሚያልሙ ልጆች ናቸውና ነገሩን አክብሬ እመልስላቸዋለሁ። መወላገዷ እውነት ነው፤ ሰበቡ ግን ነጭነቷ አይደለም።

ኳስ ስትበር አየሩ ቆዳዋን ታክኮ ያልፍና ከኋላዋ ይላቀቃል። ቆዳው ለስላሳ ሲሆን ቶሎ ይላቀቃል። ስፌትና ሸካራነት ሲያገኝ ግን ቆዳውን የነካው ስስ አየር ይናወጥና ኳሷን ረዘም አድርጎ ይከተላታል።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው እኛ ዘንድ እምብዛም የማይዘወተረው ክሪኬት ነው። ኳሷ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ቆዳ ሲሆን ወገቧን ጎላ ያለ ስፌት ዞሯታል። ተጫዋቾቹ አንዱን ጎን በሱሪያቸው እየወለወሉ ያንጸባርቁታል፤ ሌላው እንዲሻክር ይተዉታል። አየሩ ከለስላሳው ጎን ቀድሞ፣ ከሸካራው ዘግይቶ ስለሚላቀቅ ኳሷ ወደ ሸካራው ትታጠፋለች። ያረጀች ኳስ በጣም ፈጣን ወርዋሪ እጅ ስትገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ወደ ለስላሳው ትታጠፋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ2018 ኬፕ ታውን ላይ አንድ የአውስትራሊያ ተጫዋች ኳሷን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ በካሜራ ተያዘ፤ አምበሉ ስቲቭ ስሚዝም አንድ ዓመት ታገደ። ሸካራነት ይህን ያህል ዋጋ አለው።

የክሪኬት ኳስ ቀለም የተመረጠው ለዓይን ነው። ለአምስት ቀኑ ግጥሚያ ቀይ፣ ለአንድ ቀኑ ነጭ፣ ከ2015 ወዲህ በመብራት ለሚደረገው የአምስት ቀን ጨዋታ ደግሞ ሮዝ። የቀዩ ቆዳ ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ ነጩና ሮዙ ግን ከላይ ተቀብተው በሽፋን ይታሸጋሉ። ለውጥ የሚያመጣው ይህ ሽፋን ነው፤ የኳሷን ልስላሴም አረጃጀትም ይወስናል።

ወደ እግር ኳስ ልመለስ። የ1970ው የዓለም ዋንጫ ኳስ ቴልስታር በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በደንብ እንዲታይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከ32 ቁርጥራጭ ተሰፋ። የ2010ሩ ጃቡላኒ ግን 8 ቁርጥራጭ ብቻ ነበረው፤ እነሱም በሙቀት የተጣበቁ ናቸው። በረኞች አምርረው አማረሩ። ለዓመታት የክሪኬት ኳስን ያጠናው የናሳው ተመራማሪ ራቢ ሜህታ ምክንያቱን ተናገረ፦ እንዲህ ያለች ለስላሳ ኳስ ሳትሽከረከር በሰዓት ከ72 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስትበር አየሩ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጎን ስለሚላቀቅ ትወላገዳለች። የቅጣት ምት ፍጥነት ማለት እኮ ይኸው ነው! በ2014 ብራዙካ ስትመጣ ቁርጥራጩ ወደ 6 ቢወርድም መጋጠሚያው ከ2 ሜትር ወደ 3.3 ሜትር ገደማ ረዘመ፤ ኳሷም ረጋች።

ከቆዳዋ ሌላ ከፍታም የኳሷን አካሄድ ይለውጣል። የ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገበት ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳም 1,700 ያህል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሳሳ በሽክርክሪት የተመታች ኳስም መታጠፏ ይቀንሳል። ልጆቼ ወደ ቆላ ወርደው ሲጫወቱ ይህን እንዲያስቡ እነግራቸዋለሁ።

ለልጆች ኳስ የምትገዙ ወላጆችና አሠልጣኞች ሆይ፣ ከቀለሟ በፊት መጋጠሚያዋን በጣታችሁ ዳስሱ። ውድድር ሲቃረብም በሚጫወቱባት ኳስ ዓይነት አለማምዷቸው።