ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ

የክረምቱ ብርድ ሲበረታ፣ ቡና የተፈላበትን ከሰል መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው፤ ምንም አያደርግም» ይባላል። አደጋው ግን ያለው ፍሙ ላይ ነው።

ሰው የሚተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የቀረው አርጎን፣ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች ጋዞች ናቸው። ከሰል የሚነደው ኦክስጅኑን እየወሰደ ነው። በተዘጋ ክፍል ኦክስጅን ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ እንኳ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

በአገር ቤት የሣር ክዳን ጎጆ በየቀዳዳው አየር ያስገባ ነበር። የዛሬው አፓርታማ መስኮቱ ከተዘጋ ጋዙን አፍኖ ያስቀራል። ውጭ ሲሆን ጋዙን ነፋስ ይበትነዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም አየር ላይ ሳለ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል።

ስለዚህ የከሰል ቦታው ከቤት ውጭ ነው፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻውን አያድንም። ከሰል ባለበት ቤት ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ካለ፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ መውጣትና በ101 ወደ ማገን ዳቪድ አዶም መደወል ያስፈልጋል።