የእናቶቻችን አጥንትና የፍራፍሬ ድርሻ



አንዲት እናት ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ አዳልጧቸው ይወድቃሉ። አወዳደቃቸው ቀላል ነው፤ የዳሌ አጥንታቸው ግን ይሰበራል። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የጀመረው ያን ዕለት ሳይሆን ከዓመታት በፊት ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። አሮጌው እየፈረሰ አዲስ ይተካል። በሴቶች ዘንድ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማፍረሱን ሥራ ልክ ያስይዘዋል። ሴት ስታርጥ፣ ማለትም የወር አበባዋ ጨርሶ ሲቋረጥ፣ ይህ ሆርሞን ስለሚቀንስ የሚፈርሰው ከሚተካው ይበልጣል። አጥንቱም ሕመም ሳይሰማ ይሳሳል።

ታዲያ ፍራፍሬ ምን ይረዳል? በዚህ ረገድ በደንብ ከተጠኑት አንዱ የደረቀ ፕለም ነው። የአሜሪካው የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያረጡ 235 ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን በ2022 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ለአንድ ዓመት በየቀኑ 50 ግራም፣ ማለትም 5 ወይም 6 ፍሬ የበሉት ሴቶች የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት ሳይቀንስ ቆየ፤ ያልበሉት ግን ቀነሰባቸው። 100 ግራም እንዲበሉ ከተመደቡት ብዙዎቹ አቋርጠዋል። ስለዚህ ማብዛት አያስፈልግም።

ፕለም ላላገኘ ብርቱካን፣ ፓፓያና ዘይቱን አሉ። አጥንትን በጭቃ ቤት ብንመስለው ኮላጅን የሚባለው ማገሩ፣ ካልሲየም ደግሞ ምርጊቱ ነው። በእነዚህ ፍራፍሬዎች ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ማገሩን እንዲሠራ ይረዳል።

ነገር ግን ማገር ብቻውን ቤት አይሆንም። ምርጊቱ ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ ይገኛል። ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እርሱንም ቆዳችን ከፀሐይ ያዘጋጃል። ሒጃብ የሚለብሱ እናቶችና እህቶች አጅነቢ በማያይበት ግቢ እጅና እግራቸውን ለፀሐይ ቢገልጡ መልካም ነው። በእግር መሄድም አጥንትን ያጠነክራል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው የደረቀ ፍራፍሬ ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የአጥንት መድኃኒት የታዘዘላቸውም ፍራፍሬን ተማምነው መድኃኒቱን አይተዉ።

ልጆች ሆይ! የውዱእ ቦታው እንዳያዳልጥ አድርጉ። ለእናት ብርቱካን ይዞ መሄድ መልካም ነው፤ በቀላል አወዳደቅ አጥንታቸው ከተሰበረ ግን «እርጅና ነው» ሳትሉ ስለ አጥንት መሳሳት ሐኪም ጠይቁላቸው።

አላህ እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን።