የአንበሳ ራስ ያለው አምላክ፦ የጥንት ኩሽና የአክሱም አማልክት እነማን ነበሩ?

በዚህ እትም የዕውቀት ገጻችን ስለ ጥንት አማልክት ይናገራል። ረዘም ስለሚል እረፍት ሰዓት ላይ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ብዙ ልጆች በፊልምና በስልክ ጌም የሚያዩአቸውን አማልክት ስም በቃላቸው ይዘዋል። የመብረቁ አምላክ እገሌ ነው፣ የባሕሩ እገሌ ነው፣ ማን ማንን ያሸንፋል እያሉ ይከራከራሉ። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠራቸው የተረት አማልክት ናቸው። ነገር ግን ፊልም ሠሪ ያልፈለሰፋቸው፣ ሰዎች የምር የሰገዱላቸው፣ በድንጋይ ቤተ መቅደስ የሠሩላቸው አማልክት በእኛ ወንዞች ግርጌ ነበሩ። የእነሱን ስም ግን ማንም አይጠራም። ታዲያ እነማን ናቸው?

ወንዞቻችን ወዴት ይሄዳሉ?

የሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ስሙን ይቀይርና ራሃድ ይባላል። ከዚያም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በመተማ በኩል የሚወርደው ጓንግ ደግሞ ሱዳን ውስጥ አትባራ ይሆናል። ተከዜን ተቀብሎ፣ ከካርቱም በስተሰሜን ርቆ ሄዶ ዓባይ ውስጥ ይገባል። በአትባራና በዓባይ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ የጥንት ጸሐፊዎች «የሜሮኤ ደሴት» ይሉት ነበር። በባሕር ላይ ያለ ደሴት ሆኖ አይደለም፣ ወንዞች ስለሚከቡት ነው እንጂ። ሜሮኤ የኩሽ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። መንግሥቱም እስከ 350 ዓመተ ምሕረት ገደማ ድረስ ቆይቷል።

መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ልጆች በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ህንደኬ የምትባለውን ንግሥት ታውቋታላችሁ። ሊቃውንት እንደሚሉት ህንደኬ (ካንዳኬ) የአንዲት ሴት የግል ስም ሳይሆን የሜሮኤ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። ልክ «እቴጌ» እንደምንለው ማለት ነው።

የኩሽ አማልክት

1ኛ. አፔደማክ። ይህ የጦርነት አምላክ ነው። ገላው የሰው፣ ራሱ የአንበሳ ነው። ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናቃ በሚባል ቦታ ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ያሠሩለት ቤተ መቅደስ አለ። በግድግዳው ጎን ላይ አፔደማክ ከአበባ ውስጥ የሚወጣ የአንበሳ ራስ ያለው እባብ ሆኖ ተቀርጿል። በኋላው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሦስት ራስና አራት ክንድ አለው። በበሩ ፊት ለፊት በአንድ በኩል ንጉሡ፣ በሌላው በኩል ንግሥቲቱ ጠላቶቻቸውን በፀጉራቸው ጨብጠው ሲመቱ ይታያሉ። ሴቶች ልጆች ይህን ልብ በሉ! ንግሥቲቱ ከንጉሡ ኋላ ተደብቃ አልተሣለችም፤ እኩል ቁመት፣ እኩል ቦታ ይዛለች።

2ኛ. አሜሰሚ። የአፔደማክ ሚስት ናት። በራስዋ ላይ የጨረቃ ቅርጽ፣ በጨረቃዋም ላይ የቆመ ጭልፊት አለ። በግድግዳ ላይ ብዙ ሰዎች ተቀርጸው ብታዩ እንኳ እሷን በዚህ ምልክት ወዲያው ትለይዋታላችሁ።

3ኛ. አሙን። ይህ ከግብፅ ጋር የጋራ የሆነ ትልቅ አምላክ ነው። ኩሾች በአውራ በግ ራስ ይሥሉት ነበር። ጀበል ባርካል የሚባለው ተራራ የእሱ ማደሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በናቃ ባለው የአሙን ቤተ መቅደስ መግቢያ ግራና ቀኝ ከድንጋይ የተጠረቡ በጎች ተደርድረዋል። የነገሥታቱን ስም ደግሞ ተመልከቱ፤ ናታካማኒ፣ አማኒቶሬ፣ አማኒሬናስ። ሁሉም ውስጥ «አማኒ» አለ፤ አማኒ ማለት አሙን ነው። እኛ ኃይለ ሥላሴ፣ አብዱላሂ ብለን የፈጣሪን ስም በልጆቻችን ስም ውስጥ እንደምናስገባው ሁሉ እነሱም እንደዚያ ያደርጉ ነበር።

4ኛ. ሰቢዩመከርና አረንስኑፊስ። እነዚህ ሁለቱ የበር ጠባቂዎች ናቸው። ሐውልታቸው በቤተ መቅደስ በር ግራና ቀኝ ይቆም ነበር።

5ኛ. ኢሲስ። የእናትነት አምላክ ናት፤ ከግብፅ የመጣች። ኩሾች እሷን ለመሳለም ግብፅ ውስጥ እስካለችው ፊለ ደሴት ድረስ ይጓዙ ነበር።

አፔደማክ ግብፅ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያልነበረው የኩሾች የራሳቸው አምላክ ነው። ለምን አንበሳ? ቆላ የሚኖር ሰው መልሱን መገመት አይከብደውም። ሌሊት አንበሳ ሲያገሳ ከብትም ሰውም ዝም ይላል። የሚፈሩትን ኃይል ከጎናቸው ለማድረግ የፈለጉ ይመስለኛል። አንበሳው ደግሞ ከአካባቢያችን አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በቋራ ወረዳ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ ፎቶ አረጋግጠዋል።

የአክሱም አማልክት

አሁን ከቆላው ወደ ደጋው እንውጣ። በትግራይ፣ የሐ በሚባል ቦታ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተገጥሞ የተሠራ ቤተ መቅደስ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ግድግዳው ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል። የተሠራው አልመቃህ ለሚባል አምላክ ነው። ይኸው አምላክ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን በሳባ መንግሥትም ይመለክ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት የአክሱም ነገሥታት ደግሞ በድንጋይ ጽሑፎቻቸው ላይ እነዚህን ይጠራሉ።

አስታር፦ የሰማይ አምላክ ነው። ንጋት ላይ ከምታበራው ኮከብ ጋር ይያያዛል።

ብሔርና ምድር፦ እነዚህን ስሞች ማስተርጎም አያስፈልገንም አይደል? ምድር ያው ምድር ነው። ብሔር በግዕዝ አገር ማለት ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ቃልም ከ«እግዚእ» (ጌታ) እና ከ«ብሔር» የተሠራ ሲሆን የአገር፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው። ቃሉ በየቀኑ አፋችን ላይ አለ።

ማሕረም፦ የጦርነትና የነገሥታት አምላክ ነው። ንጉሥ ዒዛና በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ላይ ራሱን «የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ብሎ ይጠራል። ወንድሞቹን ልኮ ቤጃዎችን ካስገበረ በኋላ ለዚህ አምላክ 1 የወርቅ፣ 1 የብርና 3 የነሐስ ሐውልት እንዳቆመ በድንጋይ ላይ አስጽፏል።

ዒዛና ይህን ጽሑፍ በግሪክኛም አስጽፎት ነበር። በግሪክኛው ላይ ማሕረም የሚለው ስም የለም። በእሱ ቦታ የግሪኮች የጦርነት አምላክ የሆነው «አሬስ» ተጽፏል። ነጋዴዎች ዕቃን ብቻ ሳይሆን ቋንቋንም ይዘው ስለሚሄዱ፣ የውጭ ሰው እንዲገባው የአምላኩ ስም ሳይቀር ተተረጎመ ማለት ነው።

ሁለቱን ምን ያመሳስላቸዋል?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አምላክ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ለጦር፣ አንዷ ለእናትነት፣ አንዱ ለበር፣ አንዱ ለምድር። ሁለተኛ፣ ንጉሡና አምላኩ የተያያዙ ናቸው። ንጉሡ «እኔ የእሱ ልጅ ነኝ» ካለ፣ ንጉሡን መቃወም አምላኩን መቃወም ይሆናል። ስለዚህ ሃይማኖቱ ሥልጣኑንም ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛ፣ አማልክቱ ድንበር ይሻገራሉ። አሙንና ኢሲስ ከግብፅ፣ አልመቃህ ከየመን ጋር የጋራ ነበሩ።

እንዴት ተለወጡ?

በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ባስተማረበት ዘመን ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ። ለውጡን በገንዘቡ ላይ ማየት ይቻላል። የድሮ ሳንቲሞቹ ላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ነበረ፤ ኋላ በቦታው መስቀል ገባ። በዚያን ጊዜ ራዲዮ የለ፣ ጋዜጣ የለ፤ ሳንቲም እጅ በእጅ ስለሚዞር የንጉሡ ሚኒ ሚዲያ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ባስጻፈው ጽሑፍ ላይ ተከዜን ተሻግሮ ከኖባዎች ጋር ሲዋጋ ያሸነፈው በማሕረም ሳይሆን «በሰማይ ጌታ» ኃይል መሆኑን ይናገራል። በኩሽም በኩል የሜሮኤ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት የኖባ ነገሥታት ክርስቲያን ሆኑ፤ ቆይቶም እስልምና በአገሩ ተስፋፋ።

የጣዖት ታሪክ ማወቅ ኃጢአት ነው?

አንዳንድ ልጆች «የጣዖት ስም መጥራት ራሱ ኃጢአት ነው፣ መጽሔት ላይ ለምን ይጻፋል?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በደንብ እንመልሰው። በትምህርት ቤታችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። የሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍት የድሮ አማልክትን በስም ይጠራሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራን ሰዎች በርናባስንና ጳውሎስን «ድያ» እና «ሄርሜን» ብለው በግሪክ አማልክት ስም እንደጠሯቸው ተጽፏል። ቁርኣን ውስጥ በሱረቱ አን-ነጅም ላት፣ ዑዛና መናት ተጠቅሰዋል፤ በሱረቱ አን-ነምል ደግሞ የሳባ ንግሥትና ሕዝቧ ለፀሐይ ይሰግዱ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ ስሙን ማወቅና መስገድ የተለያዩ ናቸው። ያለፈውን የማያውቅ ሰው አያቶቹ ከምን ተነስተው የት እንደደረሱ ሊያውቅ አይችልም።

ድንጋዩ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል

እነዚህን አማልክት ያወቅናቸው ሰው ስለጻፈና ስለቀረጸ ብቻ ነው። በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት በፊት ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ እንስሳ እያደኑ ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳውቀዋል። ያገኙት ትናንሽ የተሳሉ የድንጋይ ጫፎችን፣ አጥንትና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው። በምን ያምኑ እንደነበር ግን ያ ሁሉ ድንጋይ አይነግረንም፤ ጽሑፍ የለበትማ!

ጽሑፍና ሥዕል ያለበት ድንጋይ ስንት ዋጋ እንዳለው አያችሁ? ሙሰወራት በሚባለው የሱዳን ቦታ የአፔደማክ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ነበር። የጀርመን ተመራማሪዎች መሬት ላይ የወደቁትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለቃቅመው፣ ሥዕሉን እያገጣጠሙ ግድግዳውን መልሰው አቆሙት። ይህን ማድረግ የቻሉት ድንጋዮቹ እዚያው ስለቆዩ ነው። ሰው ለቤት መሥሪያ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ ምንም አይገኝም ነበር።

ዛሬ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ። ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ እኛ ሲሰደድ ሁላችንም አይተናል። የሰው ሕይወት ከሁሉ ይበልጣል፤ የጠፋው ግን ሰውና ቤት ብቻ አይደለም። የኩሽ ዕቃዎች ይቀመጡበት የነበረው የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዩኔስኮም የተዘረፉትን ቅርሶች ማንም እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ዓለምን አስጠንቅቋል። የተዘረፈ ቅርስ ድንበር ይሻገራል። ድንበር ላይ የምንኖረው ደግሞ እኛ ነን።

ስለዚህ ልጆች፣ እርሻ ላይ፣ ወንዝ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ፣ የድሮ ሸክላ ወይም ሳንቲም ብታገኙ «ከሥሩ ወርቅ አለ» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ አትስበሩት፣ አትቆፍሩት፣ ለማንም አትሽጡት። ቦታውን በደንብ ያዙና ለመምህራችሁ ወይም ለቀበሌ ንገሩ። እነሱ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃሉ።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

1. የሽንፋ ወንዝ ሱዳን ሲገባ ማን ይባላል?
2. አሜሰሚን በምን ምልክት እንለያታለን?
3. በዒዛና ሳንቲም ላይ መጀመሪያ ምን ነበረ? ኋላስ ምን ሆነ?
4. በግሪክኛው ጽሑፍ ላይ ማሕረም በማን ስም ተተካ?
5. በአንድ ጊዜ የአሙንን ስም በውስጣቸው የያዙ ሦስት ስሞችን ጥሩ።

መልሱ እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ተመልሳችሁ ፈልጉ። አምስቱንም ያገኘ ተማሪ መልሱን በወረቀት ጽፎ ለክበባችን ይስጥ፤ ሰልፍ ላይ ስሙን እናነባለን። ለዛሬ በዚህ አበቃን፤ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።